የሙያ ዝንባሌ መመዘኛ ለታዳጊዎች፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

የሙያ ዝንባሌ መመዘኛ የሚባለው አንድ ታዳጊ ምን ዓይነት ሥራ ሊስማማው እንደሚችል ለመጠቆም የሚሞላ መጠይቅ ወይም የሚሠራ ፈተና ነው። ዛሬ ብዙ ልጅ በስልኩ ያገኘዋል። ይሞላል፣ ውጤቱን ለጓደኛው ያሳያል፣ ይረሳዋል። ነገሩ ግን ከዚያ የተሻለ ትኩረት ይገባዋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ተማሪው «አፕቲትዩድ» የሚለው ሌላ ነው። እሱ በቋንቋና በቁጥር የማሰብ ችሎታን ይለካል እንጂ ነርስ ሁን ወይም መካኒክ ሁን አይልም።

መነሻው አሜሪካ ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ላይ ወጣቶችን ስለ ሥራ የሚያማክር ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ ራስህን እወቅ፣ ቀጥሎ ሥራውን እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናኝ። እ.ኤ.አ. በ1927 ኤድዋርድ ስትሮንግ የተማሪውን መልስ በሥራ ላይ ካሉ ሰዎች መልስ ጋር የሚያነጻጽር መጠይቅ አወጣ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን የጆን ሆላንድ ነው። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰውንም ሥራንም በስድስት ይከፍላል፦ በእጁ የሚሠራ፣ የሚመረምር፣ ጥበብ የሚወድ፣ ሰው የሚረዳና የሚያስተምር፣ የሚነግድና የሚመራ፣ መዝገብና ሥርዓት የሚወድ። ጥያቄዎቹ «የተበላሸ ዕቃ ፈትቶ መጠገን ትወዳለህ?»፣ «ቁጭ ብለህ የሰው ችግር መስማትስ?» ዓይነት ናቸው። ነጥቡ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያሉት ሦስቱ ይወሰዳሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ልጅ ያላየውን ሥራ ሊወድ አይችልም። ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ እናቷ ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ንግድ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ብታመጣ አይገርምም። ምርመራ ላይ ዝቅ ያለችው ግን ስላልወደደችው ነው ወይስ ላቦራቶሪ ገብታ ስለማታውቅ? መጠይቁ ይህን አይለይም።

ድሬ ደግሞ መጠይቅ ሳይኖር ለልጆቿ ሥራ ስታሳይ የኖረች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ባቡር ሲደርስ ነው። የባቡሩ ትልቁ ወርክሾፕም እዚሁ ተተከለ። ብረት የሚቀልጠው፣ የሚበየደው፣ በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) የሚላጨው እዚሁ ነበር፤ የሚጎድል መለዋወጫም እዚሁ ይሠራ ነበር። በባቡር ጣቢያው በለገሃር አካባቢ ያደገ ልጅ አባቱ ወይም ጎረቤቱ ምን እንደሚሠራ በዓይኑ ያይ ነበር፣ ከፈረንሳይኛውም የተወሰነ ይለቅም ነበር፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ አባቱን ተከትሎ ባቡር መግባቱም የተለመደ ነበር። የድሬ መካኒክ ስሙ በየቦታው የሚነሳው በከንቱ አይደለም። እርግጥ በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም፤ ሴቶች ልጆችና ባቡር ውስጥ ዘመድ የሌላቸው ብዙም አልደረሳቸውም። ቢሆንም ሙያን ከነዘይቱ ከነጥላሸቱ አይቶ መምረጥ ማንም መጠይቅ የማይተካው ነገር ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካው መጣ። በደርግ ጊዜ የኮሌጅ ምሩቅን ሥራ ላይ የሚመድበው መንግሥት ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ 10ኛ ክፍል ላይ በፈተና ይለይ ነበር፤ ከፍ ያለ ያመጣ መሰናዶ፣ ዝቅ ያለ ቴክኒክና ሙያ። ሙያ ትምህርት «የወደቀ የሚገባበት» ተብሎ የቀረው ከዚያ ይመስላል። የእጅ ሙያ የምታከብረዋ ድሬ ሳትቀር ይህን ስም መቀበሏ ያሳዝናል።

አሁን የ10ኛው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ተማሪው 11ኛ ክፍል ሲገባ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይመርጣል። ብዙው ጓደኛውን ይከተላል፣ ወይ ቤት ውስጥ «ዶክተር ነው የምትሆነው» ተብሎ ያድጋል። ከዚያ 12ኛ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲን መንገድ ብቻ አስቦ የሚያድግ ልጅ መንገዱ ሲዘጋ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ታዲያ መመዘኛው ይረዳል ወይ? ይረዳል፣ ግን እንደ ብይን ከተወሰደ ይጎዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎች «የግል ውጤታችሁ» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲጠየቁ ከ5 በአማካይ ወደ 4.3 ሰጡት፣ «ልክ እኔን ነው» እንደማለት። ስልክ ላይ ያሉት ብዙ መጠይቆች የሚያስደስቱት በዚሁ መንገድ ነው። የሰውን ባሕርይ በአራት ፊደል የሚገልጸው ማየርስ ብሪግስ የሚባለው መጠይቅም ሲደገም ብዙ ሰው ሌላ ዓይነት ይወጣለታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ደግሞ ዝንባሌ በደንብ የሚረጋው ከ18 ዓመት በኋላ እንደሆነ አሳይቷል። የ15 ዓመት ልጅ ውጤት የዚያን ሰሞን ፎቶ ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ግምገማ የሙያ ምክር ፍሬ እንዲያፈራ የሚያደርጉትን ለይቷል፦ ልጁ ግቡን በጽሑፍ ማስፈሩ፣ ውጤቱ ለእሱ ለብቻው መተርጎሙ፣ ስለ ሥራው ዓለም መረጃ ማግኘቱ፣ ያለፉበት ሰዎችን ማየቱና ከጎኑ የሚቆም ሰው ማግኘቱ። ድሬ ይህ ሁሉ ይሞላላታል። ኢትዮ-ኢጣሊያ ፖሊቴክኒክ አለ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሐረማያ ቅርብ ነው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም አለ።

ጥሩው ጊዜ 10ኛ ክፍል ይመስለኛል፤ 11ኛ ሳይመረጥ፣ ልጁም ገና ሐሳቡን መቀየር ሲችል። ውጤቱን መምህሩ፣ ልጁና ወላጅ አብረው ቢያዩት ጥሩ ነው። ከፍ ያለው ነጥብ የእጅ ሥራ ከሆነ ልጁ አንድ ቀን ወርክሾፕ ይዋል፤ ዝቅ ያለውንም «አይተኸው ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቋንቋውም ይታሰብበት። ድሬ ላይ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የተማረ ልጅ መጠይቁን በእንግሊዝኛ ብቻ ከሞላው ያልገባውን ቃል «አልወድም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ጥያቄዎቹን በልጁ ቋንቋ አንብቦለት አብረው ይሙሉት።