የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ፦ ምስል ቀድሞ፣ መርፌ ተከትሎ (ከወሎ አንጻር)

የፕሮስቴት ካንሰር ከሽንት ፊኛ ሥር በሚገኘው የወንዶች ዕጢ ላይ የሚነሳ ሕመም ነው። ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። በወሎ ገጠር ብዙ አባወራ የሽንት መቸገርን «የእርጅና ነው» ብሎ ይዞት ይከርማል፤ ደሴ ወይም ወልድያ የሚደርሰው ካንሰሩ አጥንት ገብቶ ወገቡን ሲያመው የሆነበት አጋጣሚ አለ።

ምርመራው በፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን) የደም ምርመራና በፊንጢጣ በኩል በጣት በሚደረግ ዳሰሳ ይጀምራል። ፒኤስኤ በኢንፌክሽንና በዕጢው ተራ ማበጥም ስለሚጨምር ቁርጡ የሚታወቀው ከዕጢው በመርፌ በሚወሰድ ናሙና ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሐኪሙ ሆጅና ባልደረቦቹ በአልትራሳውንድ እየታገዙ ከስድስት ቦታ ናሙና መውሰድን አስተዋወቁ፤ በኋላ ቁጥሩ ወደ 10–12 አደገ። አልትራሳውንድ ዕጢውን እንጂ ካንሰሩን ብዙ ጊዜ ለይቶ ስለማያሳይ፣ መርፌው በተለይ ከፊት በኩል ያለውን እብጠት ይስታል።

ይህን በቁጥር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የብሪታንያው ፕሮሚስ ጥናት ነው። 576 ወንዶች ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል)፣ የተለመደው ናሙናና በየ5 ሚሊ ሜትሩ የሚወሰድ ጥብቅ ናሙና ተደረገላቸው። ሕክምና ከሚያሻው ካንሰር ኤምአርአይ 93 በመቶውን ሲይዝ፣ የተለመደው ናሙና የያዘው 48 በመቶውን ብቻ ነው። ኤምአርአይ ካንሰር የሌለበትንም ደጋግሞ ስለሚጠረጥር ናሙናን አይተካም። በቀጣዩ ዓመት 500 ወንዶችን ያካተተው ፕሪሲዥን የተባለ ጥናት ኤምአርአይ ከቀደመበት ወገን 38 በመቶው፣ የተለመደው ናሙና ከተደረገለት ወገን 26 በመቶው ላይ ሕክምና የሚያሻ ካንሰር አገኘ፤ ከመጀመሪያው ወገን 28 በመቶው መርፌ አላስፈለጋቸውም። ለወሎ ከሁሉ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ፕራይም የተባለ ጥናት ነው፦ ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር ሳይሰጥ የሚነሳው አጭሩ ኤምአርአይ ከሙሉው እንደማያንስ አረጋግጧል፤ ግን የምስሉ ጥራት አስቀድሞ ሲፈተሽ ነው። ናሙና ቀድሞ ከተወሰደ የፈሰሰው ደም ምስሉን ስለሚያሳስት ቢያንስ 6 ሳምንት ይጠበቃል።

መርፌው በፊንጢጣ ሲገባ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ጀርም መድኃኒት የተላመደ ጀርም ደግሞ በዝቷል። በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል መግባት ይህን እንደሚቀንስ ብዙዎች ይስማማሉ፤ ልዩነቱ ምን ያህል ነው በሚለው ግን ጥናቶቹ አንድ አይደሉም።

ድካሙን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው የናሙናው አያያዝ ነው። በ18 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ) መርፌ የሚወጣው ሥጋ ክር የመሰለ ስስ ነው፤ ወዲያው ናሙና እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ይህም አንድ እጅ የፋብሪካ ፎርማሊን ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ማለት ነው። ፈሳሹ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ያደረ ናሙና ሕዋሱ ይበላሻል። ስምና ቦታ የሚጻፈው በጠርሙሱ ገላ ላይ ነው፤ ክዳን ላይ ከተጻፈ ክዳኖች ሲቀያየሩ ግራው ቀኝ ይሆናል። ከወገልጤና ወይም ከመካነ ሰላም የመጣን አባት ለዚህ ብሎ ዳግም መጥራት ከባድ ነው።



ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው የፓቶሎጂ ክፍል ውጤት የግሊሰን ነጥብ (የካንሰሩን ክፋት የሚለካ)፣ ካንሰር የተገኘባቸውን ናሙናዎች ብዛትና የካንሰሩን ርዝመት በሚሊ ሜትር መያዝ አለበት፤ ነጥቡ 6 ከሆነ ብዙዎቹ ያለ ቀዶ ሕክምና በክትትል ሊቆዩ ይችላሉ።