ሂት ትራንስፈር ወይስ ሰብሊሜሽን? የቲሸርትና የማግ ኅትመት በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለምረቃ፣ ለሠርግ ወይም ለሱቅ መክፈቻ ቲሸርት የሚያሳትም ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ዲዛይኑን ነው። ሥራውን የሚወስነው ግን ጨርቁ ነው። ሂት ትራንስፈርም ሰብሊሜሽንም የሚጠናቀቁት በአንድ ዓይነት ማሽን፣ በሙቀት በሚጫነው በሂት ፕሬስ ነው። ለዚህ ነው ለደንበኛው አንድ የሚመስሉት። በጣም ይለያያሉ።

ሰብሊሜሽን ቀለሙን ክሩ ውስጥ ያስገባል። ምስሉ በልዩ ቀለም በወረቀት ላይ ተገልብጦ ይታተማል። ከዚያ ከ190 እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ያህል ፕሬስ ይደረጋል። ቀለሙ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጥና የፖሊስተሩ ክር ውስጥ ይገባል። ሲበርድ እዚያው ይቀራል። በእጅ ቢዳሰስ አይታወቅም፤ ቢታጠብም አይላጥም። ወረቀቱ ላይ ደብዘዝ ብሎ ሲታይ የሚደነግጡ አሉ። ከፕሬስ ሲወጣ ይደምቃል።

ችግሩ ጥጥ ላይ ነው። ጥጥ ለወሎ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ኮምቦልቻም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ናት። የጥጥ ቲሸርት ምቾት ያለው ስለሆነ ደንበኛው እሱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ግን ጥጥ የሰብሊሜሽን ቀለም አይዝም፤ በጥቂት እጥበት ይለቃል። ሌላም አለ። ሰብሊሜሽን ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጩ የሚመጣው ከጨርቁ ነው። ጥቁር ቲሸርት ላይ ምስሉ አይታይም።

ሂት ትራንስፈር ከላይ ይለጠፋል። ቪኒል የሚባለው ባለሙጫ ስስ ፕላስቲክ በካተር (በመቁረጫ ማሽን) ይቆረጣል፣ ትርፉ ይለቀማል፣ ከዚያ 150 ዲግሪ አካባቢ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ፕሬስ ይደረጋል። ጥጥ ላይም ጥቁር ላይም ይሠራል። ለስምና ለቁጥር ግሩም ነው። ብዙ ቀለም ላለው አርማ ግን እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚቆረጥ ጊዜ ይበላል። እዚህ ላይ ዲቲኤፍ የሚባለው የፊልም ኅትመት ይሻላል፦ ምስሉ ከነነጭ ቀለሙ ፊልም ላይ ይታተማል፣ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ይለጠፋል። ሁለቱም ላይ ያለው ሽፋን ሲቆይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ልብሱን ገልብጦ ማጠብና ካውያ በቀጥታ አለማሳረፍ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ጨርቁን ለመለየት የሻጩ ቃል አይበቃም። ከስፌቱ ጫፍ ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይተዋል። ድብልቅ ከሆነ፣ የፖሊስተሩ መጠን ባነሰ ቁጥር የሰብሊሜሽን ምስል ይፈዛል።

የኳስ ማሊያ ፖሊስተር ስለሆነ ለሰብሊሜሽን ተስማሚ ነው። ቀድሞ የተሰፋ ቀይ ማሊያ ላይ ነጭ ቁጥር ሲለጠፍ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ነጩ ከቀናት በኋላ ሮዝ ሊሆን ይችላል። የማሊያው የራሱ ቀለም በሙቀቱ ወደ ጋዝ ተለውጦ ወደ ቪኒሉ ስለሚወጣ ነው፤ ያው ሰብሊሜሽን ነው፣ ባልተፈለገበት ቦታ። ቀለም የሚያግድ ቪኒል መጠቀምና ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ማግ ላይ ደግሞ ከሱቅ የተገዛ ተራ ኩባያ አይሆንም። ለሰብሊሜሽን ተብሎ በፖሊመር የተቀባውን መግዛት ግድ ነው። ማጉ ፕሬስ ላይ ለደቂቃዎች ስለሚቆይ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ምስሉ ፈዞ ይወጣል።

የደሴ ክረምትም የራሱ ጣጣ አለው። የጦሳን ተራራ ጉም ሲሸፍነው ወረቀቱም ቲሸርቱም እርጥበት ይስባሉ። እርጥበቱ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ባዶውን ቲሸርት አስቀድሞ ለጥቂት ሰከንድ ፕሬስ ማድረግ ያደርቀዋል።

አንድ ቀለም ብቻ ያለው አርማ በብዙ መቶ የጥጥ ቲሸርት ላይ የሚታተም ከሆነ ግን ሂት ትራንስፈርንም ሰብሊሜሽንንም ትቶ በስክሪን (ቀለሙን በወንፊት መሰል ጨርቅ በማሳለፍ) ማሳተም ይረክሳል።