ድራሙን ገልብጡት፦ ስለ ስኔር ድራም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የማርሽ ባንድ ሲያልፍ ዓይናችን ትራምፔቱና ቱባው ላይ ይቀራል። ስኔር ድራም የተባለውን፣ በሁለት ዱላ የሚጫወቱበትን ታምቡር፣ የሚመታውን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እግራችን የሚረግጠው ግን በእሱ ምት ነው። ይህን መሣሪያ በጣም ስለምወደው፣ ስለ እሱ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላስተካክል።

«ድምፁ የሚወጣው ከሚመታው ቆዳ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ድራሙን ገልብጡት። ከሥሩ ሌላ ስስ ቆዳ አለ። ቆዳ እንለዋለን እንጂ ዛሬ ባብዛኛው ፕላስቲክ ነው። እዚያ ላይ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ከዳር እስከ ዳር ተወጥረዋል። ድሮ ከእንስሳት አንጀት የተሠራ ክር ነበር። ስኔር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከላይ ሲመታ ውስጥ ያለው አየር የታችኛውን ቆዳ ይገፋዋል፤ ቆዳው ሽቦዎቹን ያርገፈግፋቸዋል። ያ «ጠሽ» የሚል ደረቅ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ ማንሻ አለች። ስትለቋት ሽቦው ከቆዳው ይላቀቃል፤ ድራሙም «ዱም» ማለት ይጀምራል።

ደግሞ ሳይነኩትም ይጮኻል። አጠገቡ ሆርን የተባለው የነሐስ መሣሪያ ሲነፋ ሽቦው ብቻውን ይንሿሿል። ስለዚህ ጥሩ የኦርኬስትራ ድራመር ተራው እስኪደርስ ማንሻዋን ይለቃል፤ ሊገባ ሲል ቀስ አድርጎ ይመልሳታል። «ቀጭ» ሳትል መመለስ ራሱ ሙያ ነው።

«ይሄማ የኛው ነጋሪት ነው»

አይደለም። ነጋሪት ጎድጓዳ ነው፤ አንድ ቆዳ እንጂ ሽቦ የለውም። ከበሮ ሁለት ቆዳ አለው፤ እሱም ሽቦ አያውቅም፣ የሚመታውም በእጅ ነው። የማርሽ ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሌላ በር ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያዎች መጡ። በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራስ ተፈሪ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ።

አንድ ነገር ግን ያመሳስላቸዋል። ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ አለ ማለት ነው። በአውሮፓም ታምቡር ሲመታ ትእዛዝ አለ ማለት ነበር።

«ሰልፍ ላይ ማድመቂያ ነው»

ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን የአዛዥ ድምፅ በጦር ሜዳ ሩቅ አይሰማም። ተሰብሰቡ፣ ወደፊት፣ አፈግፍጉ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ምት ነበረው። ስዊሶች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዋሽንትና በታምቡር ዘምተዋል። በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ውስጥ ያ አመታት እስከ ዛሬ በየዓመቱ ካርኒቫል ላይ ይሰማል።

አሁንም ሥራው አልቀረም። ነፊዎቹ ትንፋሽ ሲወስዱ ድራሙ አያቋርጥም። ቢያቋርጥ የሰልፈኛው እርምጃ ይበታተናል። ቀጣዩ ማርሽ ሊጀመር ሲልም ምልክቱን የሚሰጠው እሱ ነው።

«ግራ እጁን የሚያጣምመው ለታይታ ነው»

ድሮ ድራሙ በማንገቻ ተንጠልጥሎ ታፋ ላይ ያዘነብል ነበር። ሳይድ ድራም (የጎን ድራም) የሚባለውም ለዚህ ነው። ላዘነበለ ቆዳ የግራ መዳፍን ወደ ላይ አዙሮ ዱላውን መያዝ ይቀላል። ዛሬ ድራሙ ቀጥ ብሎ ቢቀመጥም አያያዙ ግን አለ።

«አንዱ ድራም ለሜዳም ለአዳራሽም ይሆናል»

የሰልፉ ጠለቅ ያለ ነው። ቆዳው እንደ ጠረጴዛ እስኪደርቅ ይወጠራል፤ ደጅ ላይ ከሩቅ እንዲሰማ። የኦርኬስትራው አጠር ያለ፣ ለስላሳ ምትን የሚመልስ ነው።

«ሮል ማለት እጅን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ ነው»

ሮል ምቶቹ ሳያቋርጡ እየተከታተሉ የሚሄዱበት አመታት ነው፤ በእጅ ፍጥነት ብቻ አይደረስበትም። ምስጢሩ ዱላውን እንዲነጥር መልቀቅ ነው። በማርሽ እያንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት ምት ይሰጣል፤ ቆጥራችሁ ትሰሙታላችሁ። በኦርኬስትራ ዱላው ብዙ ጊዜ እንዲነጥር ይተዋል፤ ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያልተቆራረጠ ይሆናል።

«ኦርኬስትራ ውስጥ ሥራው ቀላል ነው»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጮክ ብሎ መምታት ማንም ይችላል። ከባዱ በቀስታ መምታት ነው። የፈረንሳዊው አቀናባሪ የራቬል የኦርኬስትራ ሥራ «ቦሌሮ» በ1928 እ.ኤ.አ. ተደረሰ። ስኔሩ ብቻውን ሊባል በሚችል ሁኔታ፣ በሹክሹክታ ይጀምራል። ያው የሁለት ባር (የሙዚቃ መስፈሪያ ክፍል) ምት 169 ጊዜ ይደጋገማል፤ ሲባዛ ከ4,000 በላይ ምት ነው። ሩብ ሰዓት ገደማ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣ ጥቂት በጥቂት ብቻ እየጨመረ። አንዷ ምት ብትስት አዳራሹ ሁሉ ይሰማታል፤ መደበቂያ የለም። መጨረሻው ሲቃረብ ኦርኬስትራው በሙሉ ይጮኻል፣ የአንድ ሰው እጅ አይበቃም። ያኔ ሁለተኛ ስኔር ይገባና ያንኑ ምት አብሮት ይመታል።