ጨጓራ የሌለበት ሰው አለ እንዴ?

ድሬዳዋ ውስጥ በምሳ ሰዓት የፈለጋችሁት ምግብ ቤት ግቡ፤ አንዱ «ጨጓራ አለብኝ፣ አልጫ ይሁንልኝ» ሲል መስማታችሁ አይቀርም። አቦ፣ ጨጓራማ ሁላችንም አለን! የአካሉ ስም የበሽታው ስም ሆኖ ቀርቶ ነው። የሚገርመኝ ግን ይሄ አይደለም። ከአፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያለውን ሥራ በሙሉ ለጨጓራ ሰጥተን፣ ጥፋቱንም በሙሉ በእሱ ላይ ማላከካችን ነው።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ሥጋ አያኝክም፣ ዝም ብሎ ይውጣል። ቀስ በል ሲባል «ጨጓራ ታዲያ ምን ይሠራል?» ይላል። ሐረር ላይ ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጪ ሰው የሚያጎርሰው ጅብ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ጅብ አጥንት ሰባብሮ ውጦ ይፈጨዋል፤ ዓይነ ምድሩ የሚነጣውም በአጥንቱ ካልሲየም ነው። የሰው ሥራ ግን አፍ ላይ ይጀምራል። ካላመናችሁኝ ቁራሽ ዳቦ ጎርሳችሁ ሳትውጡ አንድ ሁለት ደቂቃ አላምጡት። እየጣፈጠ ይመጣል። ስኳር የጨመረበት የለም፤ ምራቃችሁ ውስጥ ያለው ኢንዛይም፣ ማለትም ምግብ የሚሰባብር ንጥረ ነገር፣ የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳር እየቀየረው ነው።

«ምግብ ጨጓራ ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ጨጓራ ምግቡን በአሲድና በኢንዛይም እንደ ሊጥ ያሸዋል፣ ፕሮቲኑን መቆራረጥ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል እየያዘም ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ይለቀዋል። ትልቁ ሥራ ያለው 6 ሜትር ገደማ በሚረዝመው ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው። ሐሞት ቅባቱን ይበታትነዋል። «ቆሽቴ አረረ» ስንል ብቻ የምናስታውሰው ቆሽት ደግሞ ስታርቹንም፣ ፕሮቲኑንም፣ ቅባቱንም የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያፈስሳል፤ ከጨጓራ የመጣውን አሲድም ያበርዳል። ምግብ ደም ውስጥ የሚገባውም በአብዛኛው እዚሁ ነው።

«ጨጓራ በበርበሬ ይመጣል» የሚለው ግን ከሁሉም ይብሳል፣ ሰውን ከሕክምና ያስቀራላ። ድሮ ሐኪሞችም ሳይቀሩ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ይሉ ነበር። ባሪ ማርሻል እና ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ግን ጥፋተኛው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው አሉ። ብዙዎች አላመኗቸውም። ማርሻል ምን አደረገ? በፈረንጆቹ 1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ራሱ ጠጣው! በቀናት ውስጥ አቅለሸለሸው፣ አስመለሰው፣ በመሣሪያ ሲታይም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ሌላው ዋና ምክንያት እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ነው። አጎቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በርበሬ እርም ብሎ፣ ለጉልበቱ ግን በየቀኑ ዳይክሎፌናክ ይውጥ ነበር። በርበሬ የታመመን ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል፣ አልክድም፤ ያቆሰለው ግን እሱ አይደለም። ወተትም ለጊዜው ያበርዳል እንጂ ቆይቶ ጨጓራው ሌላ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ሕመሙ ከተደጋገመ በሰገራ የሚሠራ ምርመራ አለ፤ ባክቴሪያው ከተገኘም በመድኃኒት ይድናል።

ማስቲካ ከዋጥክ አንጀትህ ይጣበቃል ተብላችሁ አድጋችኋል አይደል? እኔም። የማይፈጭ ነገር አለው፣ እውነት ነው፣ ግን እንደ ቲማቲም ልጣጭ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወጣል። ለስላሳውንስ በድሬ ሙቀት ማን ይጠላል፤ ብቻ «ምግቡን ያፈጭልኛል» አትበሉ። ያ የሚያስደስታችሁ ግሳት ከጠርሙሱ የገባው ጋዝ ነው ተመልሶ የወጣው።

ከበርጫ በፊት ጠገብ አድርገው የሚበሉ ወዳጆቼ ደግሞ «ጫቱ ያወርደዋል» ይሉኛል። ተቃራኒው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ድርቀቱን ራሳቸው ያውቁታል። ከምርቃና በኋላ እራት የሚያስታውስ የለም፣ ሳይበሉ ይተኛሉ፣ ጠዋት ሆዳቸውን ይዘው ይነሱና «ትናንት ወጡ ላይ በርበሬ በዝቶ ነበር፣ ጨጓራዬን ቀሰቀሰብኝ» ይላሉ።