ሪከርድ ሊሰበር ሲል ካፒቴኑ ለምን "በቃ" ይላል?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ አንዴ በደንብ እንየው። የክሪኬት ተጫዋቹ ሪከርድ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ካፒቴኑ ያስቆመዋል። ምቀኝነት ነው እንዴ?

አይደለም። በክሪኬት ይህ "ዲክሌር ማድረግ" ይባላል። ካፒቴኑ የቡድኑን የመምታት ተራ በገዛ ፈቃዱ ይዘጋል። የቴስት ጨዋታ (ረጅሙ የክሪኬት ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ነው። ለማሸነፍ ነጥብ ማብዛት ብቻውን አይበቃም፤ የተጋጣሚን መቺዎች ከጨዋታ ጨርሶ ማስወጣት የግድ ነው። ቀኑ ካለቀ 300 ነጥብ ብትመራም ውጤቱ አቻ ነው። ስለዚህ ሰዓት መቆጠብ አለበት።

በ2004 ሙልታን ላይ ህንድ ከፓኪስታን ስትጫወት የህንዱ መቺ ሳቺን ቴንዱልካር 194 ነጥብ ላይ ነበር። ለ200 የቀረችው 6 ነጥብ ብቻ! ጊዜያዊው ካፒቴን ራሁል ድራቪድ ግን ቡድኑ 675 ላይ ሲደርስ ዘጋው። ሳቺን ቅር አለው፤ ህንድ አሸነፈች። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገና ሁለተኛው ቀን ስለነበር ትንሽ ቢታገሡት ኖሮ የሚጎድል ነገር አልነበረም።

የአውስትራሊያው ካፒቴን ማርክ ቴይለር ደግሞ በ1998 ፔሻዋር ላይ የዘጋው በራሱ ላይ ነው። 334 ነጥብ ላይ አድሮ፣ የአገሩን ሪከርድ ከያዘው ከዶን ብራድማን እኩል ሆኖ፣ ጠዋት አልቀጠለም። ያም ሆኖ ጨዋታው አቻ አለቀ።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ውሳኔው የካፒቴኑ ነው፣ የመቺውም ነጥብ አይሰረዝም፣ "ሳይወጣ" ተብሎ ይመዘገባል። መቼ ይዘጋ የሚለው ግን እንደ ሜዳውና እንደ አየሩ ይለያያል። በአንድ ቀን ጨዋታ ግን ዲክሌር የሚባል ነገር የለም።