አነስተኛ የሸራ ጀልባንና ባሕረኞቿን ለመጀመሪያው የክፍት ባሕር ጉዞ ማዘጋጀት

የክፍት ባሕር ጉዞ የሚባለው አንዲት ጀልባ ከዳርቻ ርቃ፣ አየሩ ቢከፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የምትጠለልበት ወደብ በሌለበት ውሃ ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት የምታሳልፍበት ጉዞ ነው። በዚህ ጽሑፍ አነስተኛ የሸራ ጀልባ የተባለችው ርዝመቷ ከ8 እስከ 12 ሜትር የሆነች፣ ከሁለት እስከ አምስት ሰው የሚነዳት፣ ሞተር ቢኖራትም ዋና ጉልበቷ ነፋስ የሆነች ጀልባ ናት። ጽሑፉ የተሰናዳው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ዱከምን አልፎ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቢሾፍቱ ነው። ከባሕር ጠረፍ ይህን ያህል ርቆ ስለ ባሕር ጉዞ መጻፍ ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን የዝግጅቱ አብዛኛው ክፍል የሚሠራው በየብስና በረጋ ውሃ ላይ በመሆኑ፣ ዋናው ጥያቄ የትኛው እዚሁ እንደሚያልቅና የትኛው ለባሕሩ ብቻ እንደሚቀር ለይቶ ማወቅ ነው።

የባሕረኝነት መሠረት

አገራችን ከባሕር ጋር ያላት ትውውቅ ከአዱሊስ ይነሣል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ካሌብ ጦራቸውን በመርከብ ቀይ ባሕርን አሻግረው ወደ የመን ያዘመቱ ሲሆን፣ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚያ ባሕር የሚመላለሱት ጀልባዎች ሳንቃቸው በሚስማር ሳይመታ በገመድ የተሰፋ እንደነበር ጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን ለዚህ ርዕስ የሚሆን ብዙ ነገር የለውም። ዘመናዊው የባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ፤ የኖርዌይ መኮንኖችም በሥልጠናው ተሳተፉ። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ቢፈርስም ሥርዓት አክባሪነቱ እስከ ዛሬ በአድናቆት ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዳግም እንደሚቋቋም ተገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ በ1966 ሥራ የጀመረው የንግድ መርከብ ድርጅታችን ወደብ አልባነት ሳይበግረው የቆየ ሲሆን፣ መርከቦቹ በኋላቸው ላይ የመዝገብ ወደባቸው አድርገው የሚጽፉት «አዲስ አበባ» ነው። ይህ እንግዳ ቢመስልም ሕጋዊ ነው። ባሕር የሌለው አገር በባንዲራው መርከብ የማስኬድ መብት እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና መግለጫ ታውቋል፤ በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 90ም ተደግሟል። የግል ጀልባም ብትሆን በየትኛው አገር ባንዲራ እንደምትሄድ አስቀድሞ ተወስኖ ሰነዷ በእጅ መገኘት አለበት።

ሐይቁ የሚያስተምረውና የማያስተምረው

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ውሃዎች ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ በመሆናቸው ለልምምድ አይታሰቡም፤ አቃቂ አጠገብ ያለው አባ ሳሙኤልም በእምቦጭ ተወሯል። ስለዚህ የሚቀሩት በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙት የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። ባቦጋያ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ስለሆነ መሐል ላይ መልሕቅ መጣል አይቻልም፤ የመልሕቅ ገመድ ከውሃው ጥልቀት ቢያንስ ሰባት እጥፍ፣ ሰንሰለት ከሆነ አምስት እጥፍ መለቀቅ ስላለበት ይህን ለመለማመድ ጥልቀት የሌለው ኩሪፍቱ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የጉድጓዱን ከንፈር ተሻግሮ ሲወርድ አቅጣጫውን እየቀያየረ ድንገት ይመታል፤ ሸራ ለመቆጣጠር ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም።

ሆኖም ሐይቁ የሚያሳስትበትም ነገር አለ። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ 15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ እዚህ ሸራን የሚገፋበት ጉልበት ባሕር ላይ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። ባቦጋያ ላይ በዚያ ነፋስ ሙሉ ሸራ ዘርግቶ የለመደ ሰው ያንኑ ልማድ ይዞ ባሕር ቢወጣ ጀልባዋ ካሰበው በላይ ታጋድልበታለች። በአንጻሩ ሞተሩ እዚህ ይደክማል፣ ታች ሲወርድ ጉልበቱ ይመለሳል። የአየር ግፊት መለኪያውም እዚህ 810 ሄክቶፓስካል ገደማ እያሳየ የከረመ ስለሆነ ጠረፍ ላይ ትክክለኛነቱ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ውሃ ላይ የባሕር ማዕበል አይነሣም፤ የሚያጥወለውለውን ረጅሙን ንውጽውጽታ እዚህ መለማመድ አይቻልም።

ጀልባዋ

ፍተሻው ከደቀሉ ጫፍ ይጀምራል። ደቀል ማለት ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ ነው። ደቀሉን ከግራ ከቀኝ ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች አንዲት ክራቸው እንኳ ብትበጠስ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ከጀልባዋ ሆድ ወደ ውጭ የሚወጣ እያንዳንዱ ቧንቧ መዝጊያው ተከፍቶና ተዘግቶ ይፈተሻል፤ በአጠገቡም ልኩ የሆነ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ በሲባጎ ታስሮ ይንጠለጠላል። ውታፉ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ቧንቧው ሌሊት ሲፈነዳ ሣጥን የሚበረብር ሰው እግሩ ውሃ ውስጥ ነው።

ናፍጣው የተለየ ትኩረት ይሻል። ሐይቅ ላይ ጋኑ ስለማይናወጥ ቆሻሻው ሥር ተኝቶ ይኖራል፤ ባሕር ላይ ግን በማዕበሉ ተበጥብጦ ፊልትሮውን ይደፍነዋል፣ ይህም የሚሆነው ሞተሩ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጋኑ ታጥቦ፣ ቢያንስ ሦስት ትርፍ ፊልትሮ ተይዞ፣ ከባሕረኞቹ ሁለቱ ፊልትሮ መቀየርንና ከመስመሩ አየር ማስወጣትን በእጅ ባትሪ ብርሃን ብቻ መለማመድ አለባቸው።

የ1979ኙ ትምህርት

ስለ አነስተኛ ጀልባዎች አደጋ በደንብ የተመረመረ አንድ ክስተት ቢጠቀስ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ከደቡብ እንግሊዝ ተነሥቶ በአየርላንድ ጠረፍ ያለውን የፋስትኔት ዓለት ዞሮ በሚመለሰው ውድድር የደረሰው ነው። 303 ጀልባዎች ወጡ፤ በድንገት የበረታ ማዕበል ደረሰባቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፤ 24 ጀልባዎች በባሕረኞቻቸው ተተዉ። ከተተዉት ውስጥ የሰጠሙት 5 ብቻ ሲሆኑ 19ኙ በኋላ ተንሳፈው ተገኙ። ከሟቾቹም ሰባቱ ሕይወታቸው ያለፈው ከነፍስ አድን ጎማ ታንኳ ጋር በተያያዘ አደጋ ነበር። ባሕረኞች እስከ ዛሬ የሚያስተምሩት ደንብ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፤ ወደ ጎማው ታንኳ የሚገባው ጀልባዋ ከእግር በታች ስትሰጥም ሽቅብ በመርገጥ እንጂ፣ ስለተፈራ ብቻ ቁልቁል በመዝለል አይደለም። የደህንነት ቀበቶ ማሰሪያም ከጠንካራ ቦታ ጋር እንጂ በጀልባዋ ዙሪያ ካለው የአጥር ሽቦ ጋር አይያያዝም፤ ሌሊት በጀልባዋ ላይኛው ወለል ብቻውን ያለ ሰው ሳይታሰር ከመቀመጫው አይነሣም።

ከጀልባ የወደቀን ሰው ማውጣት ባቦጋያ ላይ በሚገባ ይለመዳል። ግማሹ ውሃ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን ሳይነገር ወደ ሐይቁ ይወረወራል፤ አንዱ ሰው ሌላ ሥራ ትቶ ጣቱን ወደ ጀሪካኑ ቀስሮ ይቆያል፤ መሪውን የያዘው ጀልባዋን መልሶ ከነፋሱ በታች በኩል ያቆማታል። አስቸጋሪው መድረሱ ሳይሆን ማንሣቱ ነው፤ ልብሱ የራሰን ጎልማሳ ሁለት ሰው በክንዱ ጎትቶ አያወጣውም፤ መዘውር የገባበት ገመድ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ሰዓት፣ ተራና ስንቅ

አማርኛ ተናጋሪ ባሕረኞች ሊጠነቀቁበት የሚገባ፣ በውጭ መማሪያዎች የማይገኝ አንድ ጉዳይ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ማን መቼ ነቅቶ ጀልባዋን እንደሚጠብቅ በሚያሳየው የተራ ወረቀት ላይ «ከ3 እስከ 6» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲል ሌላው በፈረንጅ ቆጥሮ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሊል ይችላል። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳው ሰው ሐይቁ ዳር በተደረገ የልምምድ ሌሊት በዚሁ ምክንያት ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይቀየር ተቀምጧል። መፍትሔው ጀልባዋ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲኖር ማድረግ ነው፤ የአየር ትንበያ የሚወጣው በአብዛኛው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ማለትም ከእኛ ቆጠራ በሦስት ሰዓት በሚለየው ስለሆነ፣ መዝገቡም በዚያው በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይያዝ።

ውሃ በሰው በቀን 4 ሊትር ይታሰባል፤ አራት ሰው ለአምስት ቀን ቢወጣ 80 ሊትር፣ ከግማሽ መጠባበቂያው ጋር 120 ሊትር ይሆናል። ይህም በአንድ ጋን ሳይሆን ተከፋፍሎ ይቀመጣል። በስንቅ ረገድ የእኛ ባህል ለባሕር የተፈጠረ ይመስላል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጩኮና ድርቆሽ እሳት ሳይፈልጉ ይበላሉ፣ ቶሎም አይበላሹም። ሽሮ ግን ጋዝና ትዕግሥት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ብዙ ሰው ስለሚያጥወለውለው መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመነሣት በፊት ነው፤ ዝንጅብልም ይረዳል የሚሉ አሉ።

ወቅትና ስንብት

ደቡባዊ ቀይ ባሕር ከሰኔ እስከ መስከረም ባብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ባብዛኛው ከደቡብ ይነፍስበታል፤ የአረብ ባሕር ሞንሱን በሚባለው የክረምት ነፋስ ወቅት ለትንሽ ጀልባ የሚመከር አይደለም። በባብ ኤል መንደብ በኩል ከእ.ኤ.አ. 2023 መገባደጃ ጀምሮ በመርከቦች ላይ ጥቃት ስለደረሰ፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ሌላ ባሕር መምረጥ ብልህነት ነው።

በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የአደጋ ጠቋሚ መሣሪያ ከመነሣት በፊት ይመዘገባል፤ መዝገቡ ላይም በየብስ የሚቀር የአንድ ሰው ስልክ ይጻፋል። መሣሪያው ሲበራ የነፍስ አድን ማዕከሉ መጀመሪያ የሚደውለው ወደዚያ ሰው ስለሆነ፣ ቢሾፍቱም ይሁን ዱከም የሚቀረው ዘመድ የጀልባዋን ቀለምና ርዝመት፣ የባሕረኞቹን ቁጥር፣ የተነሡበትንና ይደርሳሉ የተባለበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠርና በዓለም አቀፉ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ከስልኩ አጠገብ ያኖራል፤ ሌሊት ተደውሎ በእንግሊዝኛ ቢጠየቅም ወረቀቱን ማንበብ ይበቃዋል።