በተኵላዎች መካከል እስከ መቼ በግ እንሆናለን?

ቅዱሳን፣ ሰሞኑን ልቤን ያደማውን ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። በአማኞች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። አስከሬን ይታይበታል። ሟቾቹ የ«ሌላው ወገን» ናቸው ተባለ። ከሥሩ «አሜን» ብለው የጻፉ ነበሩ። እሁድ እሁድ አብረውን የሚዘምሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ወንድም «ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው» ቢላቸው፣ «በግ ሆነን እስከ መቼ እንታረዳለን? በዚህ ዓለም ሰላማዊ ሕዝብ አይተርፍም» የሚል መልስ መጣ።

መልሱ አስደነገጠኝ። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ነው፤ አፋችንን ሞልተን አንናገረውም እንጂ።

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ «እነሆ፥ እኔ እንደ በጎች በተኵላዎች መካከል እልካችኋለሁ፤ ስለዚህ እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» አላቸው (ማቴ. 10፥16)። ተኵላ የለም አላላቸውም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወንድም ወንድሙን ለሞት አሳልፎ እንደሚሰጥ ይነግራቸዋል። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የላካቸው።

ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ክፍል ሲያስተምር የተናገረውን በጣም እወደዋለሁ። በጎች ሆነን እስከ ቆየን ድረስ እናሸንፋለን፤ ተኵላ የሆንን ዕለት ግን እንሸነፋለን፣ የእረኛው እርዳታ ይለየናልና፤ እርሱ የሚጠብቀው በጎችን እንጂ ተኵላዎችን አይደለም ይላል። እስቲ ይህን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ሰይፍ ስናነሳ ጉልበት ያገኘን ይመስለናል። እርሱ ግን እረኛችንን የምናጣው ያኔ ነው እያለን ነው።

ይህ በታሪክም ታይቷል። በ16ኛው መቶ ዘመን አናባፕቲስት የሚባሉት፣ ጥምቀት አምኖ ለሚጠይቅ አዋቂ ነው የሚሉ አማኞች በአውሮፓ በየቦታው ይታደኑ ነበር። ውሃ ውስጥ እየተጣሉ፣ እየተቃጠሉ ያልቁ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ «በቃን» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1534 በጀርመን የምትገኘውን የሙንስተር ከተማን ያዙ። ሰይፍ አነሱ፣ ንጉሥ አነገሡ፣ አንገዛም ያላቸውን ገደሉ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ከተማዋ ወደቀች። የመሪዎቹ ሬሳ በብረት ሳጥን ተደርጎ በቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ተሰቀለ። ሳጥኖቹ ዛሬም እዚያው ተንጠልጥለዋል። በ1536 ደግሞ ሜኖ ሲሞንስ የሚባል የኔዘርላንድስ ቄስ ሹመቱን ትቶ ወደ አናባፕቲስቶች መጣ። ሰይፍ የማያነሳውን፣ የተበተነውንና የሚታደነውን መንጋ ሰበሰበ። እስከ ዛሬ ያለው ያ መንጋ ነው። የእኛዋ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያው ግንድ የወጣች ቅርንጫፍ ናት።

ከዚያ መንጋ አንዱን ላስተዋውቃችሁ። ዲርክ ቪለምስ ይባላል። አስፐረን በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ ስለ እምነቱ ታሰረ። ጨርቅ ቋጥሮ ገመድ ሠራና በመስኮት ወርዶ አመለጠ። ክረምት ስለነበር ውሃው በረዶ ሠርቷል፤ በረዶው ግን ስስ ነው። የእስር ቤት ምግብ አክስቶት ስለነበር ቀለል ብሎ ተሻገረ። የሚያሳድደው ሰው ግን በረዶው ተሰብሮ ሰመጠ። ዲርክ መንገዱ ክፍት ነበር። «እግዚአብሔር ጠላቴን ጣለልኝ» ብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ እኛ ብንሆን እሁድ ቆመን የምንመሰክረው ይህንን ነበር። እርሱ ግን ተመልሶ እጁን ዘረጋና ጎትቶ አወጣው። የዳነው ሰው ሊለቀው ፈልጎ ነበር። የከተማው ሹም ግን ቆሞ «ያዘው» አለ። ዲርክን እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1569 አቃጠሉት። ነፋሱ እሳቱን እየገፋበት ቶሎ እንኳ አልሞተም።

በገመድ ማምለጡ የእባብ ልባምነት ነው። «በአንዲቱ ከተማ መከራ ቢያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ያለ ጌታ ነው። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዷል፣ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። የዋህነት ማለት ቆሞ መታረድ አይደለም። መሸሽ፣ መደበቅ፣ ለሕግ መጮህ፣ ፍትሕ መጠየቅ ይቻላል። ዲርክ የተመለሰው ግን የርግቡን ነገር ይዞ ነው። እኛ የእባቡን ይዘን የርግቡን ጥለናል።

አሁን አንዱ «ዲርክ ሞተ እኮ» ይለኛል። አዎ ሞተ። ከዚህም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1782 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ግናደንሁተን በምትባል መንደር፣ ጦር አናነሳም ያሉ፣ ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች አንዱ ከሆነው ከሌናፔ ነገድ የሆኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። ርቧቸው ማሳ ላይ የቀረ በቆሎአቸውን ሊሰበስቡ መጥተው ነበር። ነጭ ሚሊሻዎች ያዟቸውና ሊገድሏቸው ወሰኑ። ሌሊቱን ሲጸልዩና ሲዘምሩ አደሩ። ሲነጋ 96 ሰዎች ተገደሉ። 39ኙ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ «ሰላማዊ ከሆናችሁ ማንም አይነካችሁም» ብዬ አልዋሻችሁም። ጌታም እንዲህ አላለም። ያለው «ሥጋንም የሚገድሉትን ነፍስን ግን መግደል የማይቻላቸውን አትፍሩ» ነው።

በእኛም አገር አይተናል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ። ሕንፃዎቿን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ ምእመናኗ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሰይፍ አላነሱም። በየቤቱ ተበትነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። እናቶች በየሳሎናቸው ወንጌል አስተማሩ። ደርግ ወድቆ በሮቹ ሲከፈቱ 34,000 ገደማ ሆነው ወጡ። የዘጋቸው መንግሥት ዛሬ የለም።

ታዲያ ያንን «አሜን» የጻፋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ምን ነካችሁ? በማን ስም ነው ያላችሁት? ጌታ የማልኮስን ጆሮ የፈወሰው ሊይዘው መጥቶ እያለ ነው። እናንተ በሰው ሬሳ ላይ ቆማችሁ ስሙን ትጠራላችሁ። በዚያ ግሩፕ ውስጥ የሟቾቹ ወገን የሆነ አማኝ አለ። አንብቦታል። አብሯችሁ እንጀራውን ቆርሶ ጽዋውን የሚጠጣው እርሱ ነው። ንስሐ ግቡ፤ በግሩፑ እንደ ጻፋችሁት ይቅርታውንም እዚያው ጠይቁ። መጋቢዎችም ዝም አትበሉ። ዝምታችሁን እንደ ፈቃድ ነው የቆጠሩት።

ለእናንተ፣ ልጅ ለተገደለባችሁ፣ ቤት ለተቃጠለባችሁ ግን ሌላ ቃል ነው ያለኝ። ማንም መጥቶ «ይቅር በሉ» ብሎ አያጣድፋችሁ። መዝሙር 13ን አንብቡ። ዳዊት «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጮኻል። እግዚአብሔርም አልገሠጸውም። አልቅሱ፣ ጠይቁት፣ በቀሉንም ለእርሱ ተዉለት። ጸሎት ካቃታችሁ የቤት ኅብረታችሁ ይጸልይላችሁ። የኅብረት መሪዎች፣ በዚህ ሳምንት ጥናቱን ትታችሁ ለቅሶ ቤት ሂዱ፤ የዚህም ወገን የዚያም ወገን ይሁን፣ እኩል ቁጭ በሉ።